ሞተሩ ይጮሃል፣ ልጁ ዝም ብሏል

በሙያዬ ነርስ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ሠርቼ በጡረታ ከተሰናበትኩ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። የሰፈር ሰው እስካሁን "ሲስተር" እያለ ነው የሚጠራኝ። ልጅ ሲያተኩሰው፣ የአዛውንት ደም ግፊት ሲነሳ በሬ ይንኳኳል። ስለ መኪና ሞተር ልጽፍ ነው ስላቸው ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ በዕድሜዬ አንድ ቡሎን ፈትቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ ባለፈው መስከረም በግቢያችን የሆነው ነገር ልጅ ላለው፣ የልጅ ልጅ ላለው፣ አሮጌ መኪናም ላለው ሰው ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ብዕሬን አነሳሁ።

መኪናዋ የ1998 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ማርሿ በእጅ ነው። ባለቤቴ ትቶልን የሄደው ንብረት እሷ ናት። እሱ ካረፈ ወዲህ ትልቁ ልጄ ይነዳታል። ጠዋት ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ ወርዶ ሁለቱን ትንንሽ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔንም በየወሩ ለደም ግፊት ክትትል ያመላልሰኛል። የልጄ የበኩር ልጅ፣ እኛ ቤት እስከ ዛሬ "ማሙሽ" የምንለው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ አውቶ መካኒክ ይማራል።

ክረምቱን ሙሉ መኪናዋ ጠዋት ስትነሳ እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጥ ነበር። ማሙሽ አስተማሪውን ጠይቆ መጣና "አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ማኒፎልድ ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ያለው ጓርኒሲዮን አርጅቷል፤ እኔ እቀይረዋለሁ" አለ። ጓርኒሲዮን ማለት በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ አየር እንዳያልፍ የሚያሽገው ስስ ማሸጊያ ነው። አባቱ አንገራገረ። ጋራዥ የሚጠይቀውን ዋጋ ሲያስብ ግን ተስማማ። ከኪሱ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠውና "ከዚህ በላይ ሳንቲም የለኝም፤ ጨምርልኝ እንዳትለኝ" አለው። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቅዳሜ ማሙሽ ከሶማሌ ተራ ጓርኒሲዮኑን ገዝቶ መጣ። ማኒፎልዱን አወረደ። አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋውን ትሮትል ቦዲ የሚሉትን ክፍል ፈትቶ አጠበ፣ ሁለት የደረቁ ቀጫጭን ቱቦዎች ቀየረ፣ ሁሉንም መልሶ ገጠመ። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አስነሳት። መንቀጥቀጡ ጠፍቷል። እናቱ እልል አለች። እልልታው ሳያልቅ ግን ሞተሩ መጮህ ጀመረ። ነዳጅ መስጫውን ማንም አልነካውም፤ የሞተር ዙር መቁጠሪያው 2,000 ላይ ቆሟል። እስኪሞቅ ጠበቅን፤ አልወረደም።

መካኒኮች መኪና ቆሞ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበትን መጠን "ሚኒሞ" ይሉታል። በእኛ መኪና ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር መሆን ነበረበት። ለእኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ አዋቂ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። አልጋ ላይ የተኛ ሰው የልብ ምቱ 150 ቢሆን ነርስ "ምትህን ቀንስ" አትለውም፤ ትኩሳት ነው? ደም እየፈሰሰው ነው? ብላ ምክንያቱን ትፈልጋለች።

እኛ ቤት ግን ምክንያት ከመፈለግ በፊት ጥፋተኛ ተገኘ። "ድሮም ለልጅ መስጠቴ!" አለ ልጄ። ማሙሽ አንገቱን ደፍቶ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

ሦስት ቀን በከንቱ

ሰኞ ልጄ እንደዚያው እየጮኸች ነድቷት ሄደ። ከሥራ ሲወጣ አንድ ጋራዥ ጎራ አለ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ለአፍታ አዳመጠና "የሚኒሞ መቆጣጠሪያ ቫልቩ ሞቷል" አለው። ከሌላ መኪና የወጣ ቫልቭ ተገዛ። ዋጋው የአንድ ወር ጡረታዬን ይበልጣል። ማክሰኞ ተገጠመ፤ ሞተሩ ያው 2,000። ረቡዕ ያው መካኒክ "እንግዲያው ኮምፒውተሩ ነው" አለ።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ ልጄ ሹሮውን እየጠቀለለ፣ እንደ ዋዛ "ፍሬኑም ደንድኖብኛል፤ ዛሬ ቁልቁለቱ ላይ በሁለት እግሬ ልረግጠው ምንም አልቀረኝ" አለ።

ጉርሻዬን መለስኩት። በሕክምና ቤት ያደገ ሰው አንድ ልማድ አለው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ምልክት የታየበት በሽተኛ ሁለት በሽታ ያዘው ከማለቱ በፊት ሁለቱንም የሚያስከትል አንድ በሽታ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሚኒሞው ከፍ ያለው ቅዳሜ ነው። ፍሬኑ የደነደነው ከቅዳሜ በኋላ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የተነካው አንድ ቦታ ነው። "ነገ ልጆቹ በታክሲ ይሄዳሉ፤ ይቺ መኪና ከግቢ አትወጣም" አልኩ። ልጄ "እማዬ ደግሞ!" አለ፤ ግን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሞተር እንዴት ይተነፍሳል?

ሐሙስ ማሙሽ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አጠገቤ አስቀምጬ "ሞተር እንዴት እንደሚሠራ አስተምረኝ" አልኩት። የነገረኝን በእኔ አነጋገር ልንገራችሁ።

ቤንዚን የሚጠቀም ሞተር አየር ይስባል። አየሩ በማጣሪያ ያልፍና ወደ ትሮትል ቦዲው ይደርሳል። እዚያ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ በር አለ። ነዳጅ ስንረግጥ በሩ ይከፈታል፣ ስንለቅ ይዘጋል። ሲዘጋ ሞተሩ እንዳይጠፋ በጎን በኩል በተለካ ጠባብ መንገድ ትንሽ አየር ይገባል፤ ያችን መንገድ የሚያሰፋና የሚያጠበው የሚኒሞ ቫልቩ ነው። ከበሩ በኋላ ያለው ማኒፎልድ ውስጥ ሞተሩ አየሩን ስለሚመጠው ብርቱ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል። ስለዚህ ከበሩ በኋላ አንድ ቦታ ቀዳዳ ካለ፣ ማንም ያልፈቀደው አየር እየተሳበ ይገባል።

የእኛ መኪና ኮምፒውተር በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት እየለካ ነው የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው። ቀዳዳ ሲኖር ግፊቱ ይጨምራል፤ ኮምፒውተሩ "አየር በዝቷል" ብሎ ቤንዚን ያክልበታል፤ ሞተሩ ይጮሃል። የሚገባውን አየር መግቢያው ላይ በሚለኩ መኪኖች ደግሞ በቀዳዳ የገባው አየር ሳይቆጠር ያልፋል። ቤንዚኑ ለአየሩ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል ወይም ከፍ ዝቅ ይላል።

ቀጥሎ የነገረኝን ስሰማ ደነገጥኩ። ከማኒፎልዱ አንድ ወፍራም ቱቦ ወጥቶ ወደ ፍሬን ይሄዳል። ከፍሬን ፔዳሉ ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ሥር፣ ክዳኑ የተገጠመ ድስት የሚመስል ጥቁር ክብ ዕቃ አለ፤ ሰርቮ ይባላል። የማኒፎልዱን የመምጠጥ ኃይል ተጠቅሞ የእግራችንን ጉልበት የሚያበረታው እሱ ነው። ቱቦው ከተቀደደ ፍሬኑ ጨርሶ አይጠፋም፤ እግር ግን ከወትሮው ብዙ እጥፍ መርገጥ ይኖርበታል። በዚያ ላይ ሚኒሞው ከፍ ያለ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ቢነሳም ራሱን ወደፊት ይገፋል፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መያዝ ሲገባው አይዝም። ሦስት ቀን ሙሉ ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው ከሽሮ ሜዳ ወርደዋል።

የማስታመም ቅደም ተከተል

"በል እንግዲህ፣ ታማሚዋን እንመርምራት" አልኩት። በዎርድ የተማርኩት ሥርዓት አለ፤ መጀመሪያ ታሪክ ይጠየቃል፣ ቀጥሎ በዓይን ይታያል፣ ከዚያ በእጅ ይዳሰሳል፣ በመጨረሻ በጆሮ ይደመጣል። መድኃኒት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጋራዡ ከመድኃኒቱ ጀምሮ ነበር። ማሙሽ በሚያውቀው፣ እኔ በመጠየቅ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሄድን።

በመጀመሪያ ሙቀቷ። ቀዝቃዛ ሞተር 1,200 ወይም 1,500 ዙር ቢል ነውር የለውም፤ እየሞቀ ሲሄድ መውረድ አለበት። የእኛዋ ሞቃም አልወረደችም።

ሁለተኛ፣ የነዳጅ መስጫው ሽቦ። ትሮትል ቦዲ ተፈትቶ ሲገጠም ሽቦው ከመጠን በላይ ከተወጠረ ያ ክብ በር ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ማሙሽ በጣቱ ጫን ሲለው ትንሽ ላላ የሚል ነው፤ በሩም ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። የወለል ምንጣፉም ፔዳሉን አልያዘውም።

ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ። አንዱ ሳይሰካ ቢቀር፣ ለምሳሌ የሙቀት መለኪያው፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሁሉም ተሰክተዋል፤ ዳሽቦርዱም ላይ የሞተር መብራት የለም።

አራተኛ፣ የራዲያተር ውሃ። በእኛ ሞዴል የሚኒሞ ቫልቩ ሥር የሞተር ውሃ ያልፋል። ትሮትል ቦዲው ሲፈታ ውሃው ይፈሳል፤ ሲመለስ በውስጡ አየር ከታሰረ ቫልቩ ሙቀት አይደርሰውም፣ ሚኒሞውም እንደ ጠዋት ብርድ ከፍ ብሎ ይቀራል። ሞተሩ በረድ ካለ በኋላ ክዳኑን ከፈትነው፤ ሙሉ ነው። እባካችሁ ይህን ክዳን በሙቁ አትክፈቱ። በራዲያተር ውሃ ፊቱ የተላጠ ሰው ቁስል አጥቤያለሁ፤ ማየት የምትፈልጉት ነገር አይደለም።

አምስተኛ፣ ጓርኒሲዮኑ። በትክክል ተቀምጧል? አሮጌው ከሥር ተፍቆ ተነስቷል? ቡሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር በየተራ ጠብቀዋል? አንዳንዱ ጓርኒሲዮን በመቀየር ፈንታ ማስቲሽ ይለቀልቅበታል፤ ውሎ አድሮ አየር ያስገባል። ማሙሽ ሁሉንም በደንቡ አድርጓል። ይህን ስሰማ በልቤ ኮራሁበት።

እዚህ ላይ ሞተሩ መነሳት ነበረበት። የእጅ ፍሬን ተያዘ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆነ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ተደረገ። ነጠላዬን አውልቄ ቤት አስቀመጥኩ፤ የሞተር ማራገቢያ ነጠላ ከያዘ ባለቤቷን ጭምር ይጎትታል። ደቂቃዎች እንዳለፉ ግን የጭስ ማውጫው ወደ ሰርቪስ ቤቱ መስኮት እንደዞረ አየሁ። ትንሿ የልጅ ልጄ ደግሞ እዚያ ውስጥ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። "አጥፋ!" ብዬ ጮህኩ። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የከሰል ምድጃ ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው መርዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ያስተኛል። መኪናዋን ገፍተን በሩ ወደ ተከፈተበት ወደ አጥር መግቢያው አወጣናት። ልጅቷንም ወደ ዋናው ቤት አስገባናት።

ስድስተኛ፣ በውሃ። ብዙ መካኒክ የአየር ቀዳዳ ሲፈልግ ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጠቢያ ይረጫል። በጋለ ሞተር ላይ ይህ እሳት መጥራት ነው። እኛ የአበባ ውሃ መርጫ ወስደን የኤሌክትሪኩን ቦታ እየራቅን መገጣጠሚያዎቹ ላይ ንጹህ ውሃ ረጨን። ቀዳዳው እዚያ ከሆነ ውሃው ለቅጽበት ይደፍነውና የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ጓርኒሲዮኑ ዙሪያ ምንም ለውጥ የለም።

ሰባተኛ፣ በጆሮ። ማሙሽ አንድ ክንድ የሚሆን የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ቆርጦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ አደረገ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ያንቀሳቅሳል። ስቴቶስኮፕ ማለት ይኸው ነው። ከማራገቢያውና ከቀበቶዎቹ እየራቀ ቀስ ብሎ ሄደ። ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ፊቱ ተለወጠ። አንድም ቃል ግን አልተናገረም።

"አይቼው ነበር"

ሞተሩን አስጠፍቼ የፍሬኑን ምርመራ እንድናደርግ ጠየቅሁት። ይህን ምርመራ ማንም ሹፌር በግቢው ሊያደርገው ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ እስኪጠነክር አራት አምስት ጊዜ ይረገጣል። ከዚያ እግር ፔዳሉ ላይ እንደተጫነ ሞተሩ ይነሳል። ሰርቮው ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ እንደተነሳ ፔዳሉ ከእግር ሥር ትንሽ ወደ ታች ይሰጣል። የእኛው እንደ ድንጋይ ቆመ።

ማሙሽ ፒንሳ አመጣ፣ አፉን በጨርቅ ጠቀለለው፣ ያንን ወፍራም ቱቦ ማኒፎልዱ አጠገብ ቀስ ብሎ ቆነጠጠው። ሞተሩ እንደ ሰው እፎይ ብሎ ወረደ፤ 2,000፣ 1,400፣ 900፣ 800። ለቀቀው፤ ተመልሶ ወጣ።

ሞተሩን አጥፍቶ ቱቦውን ሲነቅለው ከሥር በኩል፣ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ዓይን በማይታይ ቦታ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ስንጥቅ አፉን ከፍቷል። ልጁ ቱቦውን እንደያዘ ቆመ። እኔም ዝም አልኩ። ታማሚ ሊናገር ሲል ነርስ ዝም ማለት አለባት።

"እማማ፣ አይቼው ነበር" አለኝ በመጨረሻ። "ቅዳሜ ስነቅለው ደርቆ ነበር፤ ስጎትተው ትንሽ ተሰነጠቀ። ገንዘቡ አልቋል። አባዬ ጨምርልኝ እንዳትለኝ ብሎኛል። ገልብጬ ብገጥመው ይይዛል ብዬ… ሰኞ ልነግረው ነበር። እንደዚያ ሲቆጣ ጊዜ ፈራሁ።"

ልገስጸው አፌን ከከፈትኩ በኋላ የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ተውኩት።

በሥራ የመጀመሪያ ዓመቴ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ለአንድ ሕፃን መድኃኒት ሰጥቼ ቻርቱ ላይ ሳልጽፍ ወጣሁ። ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ትዝ አለኝ። ጠዋት የተካችኝ ነርስ "አልተሰጠም" ብላ ልትደግምለት ነው። ወዲያው መሮጥ ነበረብኝ። እኔ ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። የዎርዱ ኃላፊ ሰው ፊት የምታዋርድ ነበረች፤ እሷን ፈርቼ ነው። ኋላ ሕሊናዬ አስነሳኝና ሮጬ ስደርስ መርፌው ተቀድቶ ተዘጋጅቷል። ተረፈ። ሕፃኑ ድኖ ወጣ። ያቺ ግማሽ ሰዓት ግን እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። መድኃኒቱን አለመጻፌ ስህተት ነው፤ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ሕፃኑን ሊገድለው የነበረው ግን ፍርሃቴ ነው። ኋላ እኔ ራሴ ኃላፊ ስሆን ለበታቾቼ "የነገራችሁኝን አብረን እናስተካክላለን፤ የደበቃችሁኝን ግን እኔም ላስተካክለው አልችልም" እላቸው ነበር።

ለማሙሽ ይህን ታሪክ ነገርኩት። ቀጥዬም "ስንጥቁ የቱቦው ነው። ዝምታው ግን የአንተም የአባትህም ነው። ማታ ሁለታችሁም ትሰማላችሁ" አልኩት።

ማታ

ልጄ ሲመጣ ማሙሽ ቱቦውን እጁ ላይ አስቀመጠለትና ሁሉንም ተናገረ። ስለ ሰርቮው ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ልጄ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ እየነካ ረጅም ጊዜ ቆየ። ሦስቱን ጠዋቶች እያሰበ እንደሆነ አውቄአለሁ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። "እኔም ፍሬኑ መደንደኑን ሰኞ ነው ያወቅሁት፤ አልተናገርኩም" አለ። "እንደገና ገንዘብ ሊጠይቀን ነው ብዬ ቻልኩት።"

እነሆ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች የአንድ በሽታ ግማሽ ግማሽ ምልክት ይዘው ሦስት ቀን ተቀምጠዋል። አንዱ ቱቦውን ያውቃል፣ ሌላው ፔዳሉን ያውቃል። ቢነጋገሩ ኖሮ ሰኞ ማታ ያልቅ ነበር።

አርብ ማሙሽ አዲስ ቱቦ ገዛ፤ ለፍሬን ሰርቮ ተብሎ የተሠራውን ነው። ተራ የውሃ ቱቦ በመምጠጡ ኃይል ተጣጥፎ ሊዘጋ ስለሚችል ለዚህ ቦታ አይሆንም። ዋጋው በከንቱ ከገዛነው ቫልቭ አጠገብ ሲቀመጥ የሻይ ዋጋ ነው። ተገጠመ፤ ሚኒሞው 800 ላይ ረጋ። የፍሬኑን ምርመራ ደገምነው፤ ፔዳሉ ከልጄ እግር ሥር በዝግታ ወረደ። ቱቦው የፍሬን አካል ስለሆነ የማሙሽ አስተማሪ አይቶ እሺ እስኪል ድረስ ልጆቹ አልተሳፈሩም።

ለወላጆችና ለአያቶች

ከገጠመን ተነስቼ ጥቂት ነገር ልበል።

ከጥገና በኋላ የመጣ ችግር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እጅ መጨረሻ ላይ በነካው ቦታ ነው። አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደተፈታ፣ ምን እንደተቀየረ፣ ምን አሮጌ ተመልሶ እንደተገጠመ አንድ በአንድ ጠይቁ። "አሮጌ ሆኖ የተመለሰ ምን አለ?" የምትለዋን ጥያቄ አትርሱ። ምክንያቱን ሳያሳያችሁ "ይህን ቀይሩ" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ፣ ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም አድርጋችሁ ቁጠሩት።

መኪናችሁ አዲስ ሞዴል ከሆነና የነዳጅ ሽቦ ከሌለው፣ ትሮትል ቦዲው ከታጠበ ወይም ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ቢል የግድ ቀዳዳ አለ ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ የበሩን አቀማመጥ እንደ አዲስ መማር ሊያስፈልገው ይችላል፤ መሣሪያ ያለው መካኒክ ያስተምረዋል።

ሚኒሞ ከፍ ሲል ፍሬኑን ሞክሩ። ፔዳሉ ከደነደነ መኪናዋ ትቁም፤ "እስከ ቅዳሜ እንታገሥ" አይሠራም። ሞተር እየሠራ ምርመራ ሲደረግ ደግሞ ክፍት አየር ላይ ይሁን፤ ልጆች ይራቁ።

የመጨረሻው ለእኛ ለትልልቆቹ ነው። ልጅ ሥራ ስንሰጠው ገንዘቡን ቆጥረን እንሰጣለን፤ ደግ ነው። ግን "ችግር ካየህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም" የምትለዋንም ቃል አብረን እንስጠው። ዋጋ የላትም፤ ለእኛ ግን ከቫልቩም ከቱቦውም በላይ የጎደለችን እሷ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለማሙሽ ወረወረለትና "አስነሳት እስቲ" አለው። ተነሳች፤ ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል። ልጄ ጣሪያዋን ተደግፎ ጥቂት አዳመጠና "ሌላስ ያየኸው ነገር አለ?" ሲል ጠየቀው።

ማሙሽ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ አባቱ።

"አዎ አባዬ" አለ። "የኋላው የግራ ጎማ አልቋል።"